ለመነሳት የተሠራ ወንበር

መካነ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ፣ ከትኬት መስኮቱ ጎን፣ ረጅም የጣውላ አግዳሚ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎችና ነጋዴዎች ይቀመጡበታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ፈይዛ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች። ለምን እንደሆነ የጠየቀችው ግን አባቷን ወደ ደሴ ልትሸኝ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣች ቀን ነው።

አባቷ ሙሐመድኑር የዳሌያቸው መገጣጠሚያ አልቆ በከዘራ ነበር የሚሄዱት። ደሴ ላይ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበር። የመጀመሪያው ቀጠሮ መንገድ ተዘግቶ አለፈ። በዚህኛው ቀን ደግሞ አውቶቡሱ ይመጣል አይመጣም እየተባለ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። የአግዳሚው ግማሽ ባዶ ነበር።

«አባ፣ ይቀመጡ እንጂ። ቦታ አለ እኮ።»

«ደህና ነኝ።»

«እግርዎ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚያ ላይ ከወረድኩ ሰው ሲመጣ በምን እነሳለሁ? ተቀምጬ ሰላም ልበል?»

ፈይዛ አግዳሚውን አየችው። ዝቅተኛ ነው፤ መደገፊያ የለውም፤ ጣውላው ከመሐል ጎድጉዷል። መውረዱ ቀላል ነው። ለመነሳት ግን ሁለት ጎረምሳ ያስፈልጋል። ግድግዳውን የተደገፉትን ሰዎች ደግሞ አየች። በዚህ አገር ትልቅ ሰው፣ የሃይማኖት አባት ወይም ሐዘን ያለበት ሰው ሲመጣ የተቀመጠ ሁሉ ይነሳል። መጪው «በአላህ አይነሱ» ብሎ ይምላል፤ ተቀማጩም ከተነሳ በኋላ በመሐላው ይቀመጣል። ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው ኮርቷል ይባላል፤ ካልኮራ ደግሞ አልቆለታል ይባላል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም እንዳይባሉ ቀኑን ሙሉ ይቆማሉ።

አውቶቡሱ በዚያ ቀን አልመጣም። ሁለተኛውም ቀጠሮ አለፈ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በረንዳ ላይ፣ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው ነው የጨረሱት፤ በከተማው የሚታወቁት ግን በመነሳታቸው ነው። «ሙሐመድኑር ሰላም ሳትለው ይነሳል» ይባልላቸው ነበር። መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ፣ ጨርቁ ከጉልበታቸው እየወደቀ፣ ይነሳሉ። ዳሌያቸው ከታመመ ወዲህ ሰው ባለበት መቀመጥ ትተዋል። ለቅሶ ቤት ቆመው ገብተው፣ በሩ ሥር ቆመው ዱዓ አድርገው፣ ቆመው ይወጣሉ። ሰርግ የሚባል ነገር ከቀረባቸው ቆይቷል።

ፈይዛ ኮሌጅ ገብታ የዕቃ ንድፍ ተምራለች። የምትሠራው በአሕመዲን ብየዳ ቤት ነው። የምትስለው በርና መስኮት፣ አልፎ አልፎም የሙሽራ አልጋ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማታ ማታ ወንበር መሳል ጀመረች።

እህቷ ፊርደውስ ጅዳ ናት። እሷና ሌሎች የከተማው ልጆች ለአገራቸው አንድ ነገር እንሠራለን ብለው ገንዘብ ሲያዋጡ ቆይተዋል። ፈይዛ ደወለችላት።

«ወንበር?» አለች ፊርደውስ። «እኛ እኮ ከከተማው መግቢያ ላይ ትልቅ ቅስት ነበር ያሰብነው። ስማችን ተጽፎበት።»

«ቅስቱ ላይ ማን ይቀመጣል?»

«ምላስሽ ደግሞ መቼ እንዲህ ረዘመ? እኔ ስሄድ ሰው ፊት የማትናገሪ ልጅ ነበርሽ።» ፊርደውስ ሳቀች። «ለአባ ይሆናል?»

«በአባ ልክ ነው የምሠራው።»

«እንግዲያ ቅስቱ ይቅር።»

አባቷን ወደ ብየዳ ቤቱ ወሰደቻቸው። በግቢው ውስጥ ጣውላ ደራርባ አስቀመጠቻቸውና እንዲነሱ ጠየቀቻቸው። አልሆነም። አንድ ጣውላ ጨመረች። አቃሰቱ። ሌላ ጨመረች። ልጅቷ የአባቷን ጉልበት በራሳቸው ሜትር እየለካች፣ አባቷም ሜትሩ እንዳይጣመም ጫፉን ይዘውላት፣ ከሰዓቱ አለቀ። ለመነሳት ተረከዝ ወደ ኋላ መሳብ እንዳለበት ያን ቀን አየች፤ ስለዚህ ከመቀመጫው ሥር ባዶ እንዲሆን ወሰነች። የክንዱ መደገፊያ ከጉልበት አልፎ ወደ ፊት መውጣት አለበት፤ እጅ የሚገፋው እዚያ ላይ ነው። መቀመጫው ወደ ኋላ ማዘንበል የለበትም። በዚህ ብርድ ብረት መዳፍ ስለሚያቃጥል መደገፊያው እንጨት ይልበስ አለች።

አሕመዲን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ወጣ። አጭር ሰው ነው፤ እግሩ ተንጠለጠለ።

«ይሄ ወንበር አይደለም፤ በቅሎ ነው። እርካቡ የት አለ?»

«አንተን ማን ጠራህ? ስታረጅ ትመጣለህ።»

«ሳረጅ የበለጠ ነው የማጥረው።»

አባቷ በተራቸው ተቀመጡ። ተረከዛቸውን ሳቡ፣ መዳፋቸውን መደገፊያው ጫፍ ላይ አደረጉ፣ ወደ ፊት ዘንበል አሉና ተነሱ። ድምፅ አላሰሙም። ፊታቸው ላይ የነበረው ጥርጣሬ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ተቀመጡ። እንደገና ተነሱ።

«ጋሽ ሙሐመድኑር፣ እንግዳው ማን ነው?» አለ አሕመዲን።

«አንተ ነህ። ና ግባ፣ መርሀባ። ቤተሰብ አፊያ ነው?»

«ኧረ በአላህ አይነሱ።»

«ተነሳሁ እኮ» አሉ አባቷ። «ተነሳሁ።»

ፈይዛ የጣውላ ፍቅፋቂ የምትጠርግ መስላ ጎንበስ አለች።

ወንበሮቹ መስከረም ላይ መናኸሪያው ውስጥ ተተከሉ። ፈይዛ ሽማግሌዎቹ አውቶቡሱ ሲገባ እንዲያዩት ብላ የወንበሮቹን ፊት ወደ በሩ አዞረች። ተራ አስከባሪው ቢሻው ጠዋት ጠዋት ጤዛውን በጨርቅ እየጠረገ ወጣቶቹን ያባርራል። «ተነስ አንተ፤ ይሄ በልክ የተሰፋ ነው። የአንተ ልክ ያ ድንጋይ ነው።» ግድግዳውን ተደግፈው የኖሩ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሸህ ሃሩን በበሩ ሲገቡ በወንበሮቹ ላይ ያሉት ሁሉ እንደ አንድ ሰው ተነሱ። ሸሁ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። እነዚህን ሰዎች እንዲህ አብረው ሲነሱ ካዩ ስንት ዘመን ሆኗቸው ይሆን። አንዱ በስልክ ቀረጸው፤ ጅዳ ደረሰ፤ ፊርደውስ እያለቀሰች ደወለች።

ፈይዛ ከሥራ ስትወጣ በመናኸሪያው በኩል ታልፍ ነበር። ሰው ይመጣል፤ ይነሳሉ። ሰው ይሄዳል፤ ይቀመጣሉ። እየቆመች ማየት ወደደች።

አንድ ቀን እማማ በዛችን ግድግዳው ሥር አገኘቻቸው። እማማ በዛች ከከላላ በኩል ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚመላለሱ፣ እግራቸው ያበጠ አሮጊት ናቸው።

«እማማ፣ ወንበሩ አልተመቸዎትም?»

«ተመችቶኛል ልጄ። የጎዳኝም እሱ ነው።»

«እንዴት?»

«እኔ እንደ ወንዶቹ አልኮራም ነበር። ከዚያ ከዝቅተኛው ላይ ዘጭ እልና ‹ጉልበቴ ነው፣ ይቅር በሉኝ› እላለሁ። ሰውም ‹አይዞሽ› ብሎ ያልፋል። አሁን ምን ልበል? ወንበርሽ ያስነሳል፤ አገሩ ሁሉ አይቷል። ባለፈው ስነሳ ስቀመጥ ውዬ ማታ እግሬ እንደ እንስራ ሆኖ አደረ።» ከግድግዳው ጋር ትከሻቸውን አመቻቹ። «መቆም ይሻላል። የቆመ ሰው አንዴ ነው የሚቆመው።»

ፈይዛ ሳቀች። ወሬውን ለአሕመዲን ወስዳለት እሱም ሳቀ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሆነ። ከሆስፒታሉ የደወሉት ሐኪም ነገሩን ግልጽ አድርገው ነገሯት። ይህን ሥራ የሚሠሩት ስፔሻሊስት ወሩ ሲያልቅ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ ሌላ ሰው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። የአባቷ መገጣጠሚያ ደግሞ ብዙ የሚጠብቅ አይደለም። «ደግሞ ከጉዞው በፊት እግራቸውን አያድክሙ» አሏት። «ይቀመጡ። ዝም ብለው ይቀመጡ።»

«ይቀመጣሉ» አለች ፈይዛ። ይህን ስትል ኮርታ ነበር።

ጠዋት ጉም ነበር። አባቷ ራሳቸው የሰፉትን ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ከበሩ ቅርብ በሆነው ወንበር ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ። መንገዱ ክፍት ነው ተብሏል። አውቶቡሱ ግን ጎማ እየቀየረ ስለሆነ ይቆያል አለ ቢሻው።

መጀመሪያ የመጡት ሸህ ሃሩን ናቸው፤ እሳቸውም ደሴ ሂያጅ ነበሩ። አባቷ ተነሱ።

«አሰላሙ አለይኩም። ኧረ ወላሂ ይቀመጡ።»

«ወአለይኩም ሰላም። አፊያ ነዎት?»

መሐላው ሲመጣ አባቷ ቆመው ነበር። ሁልጊዜም እንዲያ ነው። «አይነሱ» የሚባለው ለተነሳ ሰው ነው።

ቀጥለው መምሬ አድማሴ ገቡ። አባቷ ተነሱ።

«ኧረ በማርያም ሙሐመድኑር፣ አርፈው ይቀመጡ። ታማሚ አይደሉ እንዴ?»

«ድሮ ነበር መምሬ። አሁን ልጄ እግር ሰጥታኛለች።»

መምሬ አድማሴ ፈይዛን ባርከው አለፉ። ፈይዛ ምርቃቱን አጎንብሳ ተቀበለች። አባቷ ሲቀመጡ ትንፋሻቸው በጥርሳቸው መሐል ሲወጣ ሰማች።

ከዚያ ጥቁር የለበሰች ሴት መጣች። ልጇን ቀብራ ገና ወር ያልሞላት ናት። አባቷ ተነሱ፤ እስክታልፍም ቆዩ። ከወረኢሉ በኩል ከብት የሚነግድ የድሮ ደንበኛቸው መጣ። ተነሱ። በዕድሜ የሚያንስ አንድ መምህር መጣ፤ ለእሱ መነሳት አይገባቸውም ነበር። «አባቱ ትልቅ ሰው ነበር» ብለው ተነሱ። መናኸሪያው ሞላ። ወንበሮቹ ፊታቸው ወደ በሩ ነው፤ የሚገባ ሰው ሁሉ በእሳቸው ፊት ያልፋል። አስተካክላ ያስተከለቻቸው ራሷ ናት።

ፈይዛ ወደ ጆሯቸው ዝቅ አለች። «አባ፣ ሐኪሙ ያሉትን ያስቡ። ተቀምጠው ሰላም ቢሉ ማንም አይቀየምም።»

«ድሮ አይቀየምም ነበር።»

«አሁንም አይቀየምም።»

«ለሸሁ ስነሳ አይተውኛል። ለመምሬ ስነሳ አይተውኛል። ለሌላው ብቀመጥ ምን ሊል ነው? እኔን መርጦ ናቀኝ አይልም?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ? አባቴ መነሳት ይችላል፣ ግን አይነሳም ብለሽ?» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አታሳፍሪኝ፣ ልጄ።»

ፈይዛ በአባቷና በበሩ መሐል ቆመች። ሻርፗን የምታስተካክል መስላ ክንዶቿን ዘረጋች። አባቷ በከዘራቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ቀሚሷን ነካ አደረጉ።

«ዞር በይ፤ ሰው አላይም።»

ዞር አለች። ሌላ ማድረግ አልቻለችም። ሰው በተሰበሰበበት አባቷን ትከሻቸውን ይዛ ወደ ታች ብትጫን ለዕድሜ ልክ የሚወራ ነገር ነው። «አባቴ ታመዋል» ብላ ሁለት ቃል ጮክ ብላ ብትናገር በቂ ነበር፤ ቃላቱን አዘጋጅታ በአፏ ውስጥ ይዛቸው ቆመች። በዚያ ብርድ የአባቷ ግንባር ላብ አውጥቷል። የመደገፊያው እንጨት መዳፋቸው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠቁሯል። ፈይዛ ዓይኗን ማንሳት አቃታት። ተረከዝ ወደ ኋላ፣ መዳፍ ጫፍ ላይ፣ ወደ ፊት ዘንበል፣ ተነስ። ወንበሩ ሥራውን ያለ ስህተት ይሠራ ነበር።

በመጨረሻ ባለሆቴሉ በእውቀቱ ገባ። ስልክ እያወራ ነው። አባቷ ተነሱ። በእውቀቱ በስልኩ ውስጥ ስለ ሲሚንቶ እየተከራከረ ከፊታቸው አለፈ፤ ዞር ብሎም አላየ። «በአላህ አይነሱ» የሚል ስለጠፋ አባቷ የሚቀመጡበት መሐላ አላገኙም። ሰውየው ትኬት መስኮቱ ጋ እስኪደርስ ቆመው ጠበቁት። ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ። ብዙ ሰው አይቷል። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

አውቶቡሱ መጣ።

አባቷ ከወንበሩ ተነሱ። በፈይዛ ክንድና በከዘራው እስከ አውቶቡሱ በር ሄዱ። የበሩ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ቀኝ እግራቸውን ለማንሳት ሞከሩ። እግሩ አልታዘዘም። በሁለት እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው ሊያነሱት ሞከሩ። ከዳሌያቸው የወጣው ድምፅ ለፈይዛ ተሰማት።

ቢሻው ነገሩን አየና ሮጦ መጣ። ጀርባውን ሰጥቶ በርከክ አለ። «ጋሽ ሙሐመድኑር፣ ይኸው። እኔ ለእርስዎ አህያ ነኝ፤ ይውጡ።»

«አልታዘልም።»

«ሁለት ደረጃ እኮ ነው። ውስጥ ከገቡ ጋቢና ነው የሚቀመጡት። ሹፌሩን ነግሬዋለሁ።»

«አልታዘልም አልኩህ።»

ሸህ ሃሩን ከመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «ሙሐመድኑር፣ በሽታ ነውር የለውም። ታዝለው ይግቡ።»

«ሸሆቹ፣ አሁን ተነስቼልዎ አልነበር?»

«ነበር።»

«እንግዲያ አሁን እንዴት ታዝዬ እገባለሁ?»

ሸሁ አንገታቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ከኋላቸው ባሉት መስኮቶች የተነሱላቸው ሰዎች ሁሉ ተደርድረው ያዩዋቸው ነበር። ጥቁር የለበሰችው ሴት፣ ከብት ነጋዴው፣ መምህሩ። ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው ያገኟቸው ቢሆን ኖሮ ቢሻው ሲያዝላቸው ማንም አይገረምም ነበር። «አይዞዎት» ይባሉና ያልቅ ነበር።

ረዳቱ ከበሩ ላይ ጎንበስ አለ። «ወገን፣ ወስኑልኝ እንጂ። መንገዱ ሳይዘጋ ማለፍ አለብን።»

«አባ፣ በሞቴ» አለች ፈይዛ። «ሐኪሙ ይሄዳሉ። ከዚህ በኋላ የለም። በሞቴ ይታዘሉ።»

«በሞትሽ አትለምኚኝ።» አባቷ ወደ ረዳቱ ዞሩ። «ሂዱ። አላህ በሰላም ያድርሳችሁ።»

አውቶቡሱ ትንሽ ቆየ። ሹፌሩ አንዴ ጥሩንባ ነፋ፤ አባቷ እጃቸውን አንስተው መረቁት። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ዞሮ ከግቢው እስኪወጣ፣ ከጉሙም ውስጥ እስኪጠፋ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰው እየተበተነ ሄደ። ከዚያ ክብደታቸውን በሙሉ በፈይዛ ላይ ጣሉ። ቢሻው እንደገና በርከክ አለ፤ አባቷም ጀርባው ላይ ሆኑ። እስከ ባጃጁ ድረስ ታዝለው ሄዱ። በመንገዱ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ስፔሻሊስቱ ወሩ ሲያልቅ ሄዱ። አባቷ ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጡም።

ሰው ሊጠይቃቸው ይመጣ ጀመር። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፎ ነበር የሚተኙት። አንድ ሰው በገባ ቁጥር አንገታቸው ይነሳል፣ ክርናቸው ፍራሹን ይገፋል፣ ከዚያ ይወድቃሉ። «ይቅር በሉኝ» ይላሉ። ሰዎቹ ሲወጡ ወደ ግድግዳው ዞረው ይቆያሉ። ስለ ሐኪሙ አንድ ቀን አላነሱም። ስለዚያ ጠዋት አንዴ ብቻ ተናገሩ። «ለመምሬ ስነሳ አይተሻል?» አሉ። «እንደ ድሮው ነበር የተነሳሁት።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፈይዛን ጠሩ።

«እንደዚያ ወንበር አንድ ለዚህ ቤት ሥሪልኝ። ሰው ሲገባ እንደ ጆንያ ተጋድሜ አልቆይ።»

«እሺ አባ።»

ብየዳ ቤቱ ውስጥ አሕመዲን ለእግሩ የሚሆን ቱቦላሬ ብረት አውጥቶ ጠበቃት። «ልኩን አውቀዋለሁ፤ እቆርጠዋለሁ» አለ።

«ጠመኔውን ስጠኝ።»

ፈይዛ ብረቱ ላይ ምልክት አደረገች። አሕመዲን አየው። ሜትሩን አውጥቶ ራሱ ለካው።

«ይሄ ዝቅ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ከዚህ ላይ አይነሱም እኮ።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

አሕመዲን ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አውርዶ ቆረጠ። መቀመጫውን ወደ ኋላ እንዲያዘነብል አደረገችው። መደገፊያውን አሳጠረችው። ከሥር ተረከዝ የሚገባበትን ባዶ ቦታ በጣውላ ዘጋችው። ወፍራም ስፖንጅ አለበሰችው፤ ጨርቁ ከአባቷ ሳጥን ውስጥ የተረፈ ሱፍ ነው። የተማረችውን ሁሉ አንድ በአንድ ገልብጣ ሠራችው። ሲያልቅ እሷ ራሷ ተቀምጣ ሞከረችው። ለመነሳት ወደ ጎን መዞር ነበረባት።

አባቷን ከጎረቤት ጋር ሆና አንስታ አስቀመጠቻቸው።

«ይመቻል» አሉ። ሱፉን በመዳፋቸው ዳሰሱና አወቁት። «ይሄን ጨርቅ ለካድሬዎቹ ኮት የገዛሁት ነው። ሳይወስዱት ቀሩ።» ሳቁ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሸህ ሃሩን መጡ። አባቷ በሩ ሲከፈት ተረከዛቸውን ሳቡ፤ ተረከዛቸው ጣውላውን መታ። መዳፋቸው መደገፊያውን ወደ ፊት ፈለገ፤ እንጨቱ አልቆ አየር ያዙ። እንደገና ሞከሩ። ስፖንጁ ወደ ኋላ ወሰዳቸው።

«በአላህ አይነሱ፣ በአላህ» አሉ ሸሁ።

«አልተነሳሁም» አሉ አባቷ። የሚያዩት ግን ፈይዛን ነበር።

ሸሁ ተቀመጡ። ስለ ደሴ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እህል ዋጋ አወሩ። ዱዓ አድርገው ሄዱ። ፈይዛ እስከ ውጭ ሸኝታ ተመለሰች።

«ልኬ ጠፍቶብሽ ነው?» አሉ አባቷ።

«አልጠፋብኝም።»

 ጣታቸው የመደገፊያውን አጭር ጫፍ ደጋግሞ ያሻሽ ነበር።

«እንዲያርፉ ብዬ ነው፣ አባ። ወንበሩ ነው የማያስነሳው፤ እርስዎ አይደሉም። ሰውም ያየዋል። አይነሱ ሲሉዎት እንዲቀመጡ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ በሸሁ ፊት ስታገል ታየሁ እንጂ ምን አተረፍኩ?» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «በሽታ ቢያስቀምጠኝ ‹ይቅር በሉኝ› እል ነበር። አንቺ ስታስቀምጪኝ ማንን ይቅርታ ልጠይቅ? ወደ ውስጥ አስገቢኝ።»

ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባቻቸው። ፍራሹን እዚያ አነጠፈች፤ መጋረጃውን ጋረደች። ወንበሩ ፊት ለፊት ካለው ክፍል ቀረ።

«ሰው ከመጣ ተኝቷል በይ» አሏት።

በማግስቱ መምሬ አድማሴ ዝናቡን ከጥላቸው አራግፈው ገቡ። ፈይዛ ተነስታ ተቀበለቻቸው።

«እንዴት ዋሉ ሙሐመድኑር?»

«ተኝተዋል መምሬ።»

«ደግ፣ ይተኙ። እንቅልፍ መድኃኒት ነው።» መምሬ ዙሪያቸውን አዩና አዲሱ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። ስፖንጁ ዋጣቸው። «አቤት፣ እንዴት ይመቻል። ካልቸገረሽ እስኪነቁ እዚሁ እጠብቃቸዋለሁ፤ ዛሬ ሥራ የለኝም።»

«እሺ» አለች ፈይዛ።

ከመጋረጃው ኋላ አባቷ የመጣባቸውን ሳል በብርድ ልብስ አፍነው ያዙት።